ቁልቁል የተጻፈ ዳገት

ሚስቱ ስልክ ስትደውልለት አማች ቢሮው ቁጭ ብሎ የተራራ ጎብኚዎችን መምሪያ ለአራተኛ ጊዜ ያርም ነበር። «ከባድ ዝናብ» የሚለውን እየሰረዘ «ለስላሳ ካፊያ» እያለ ይተካል። ታላቅ ወንድሟ ያን ዕለት ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ማረፉን ስትነግረው፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

ለቅሶው ሳይጀመር ሥራው መጣ። አባቷ ተራራው ላይ የመንገደኞች ማረፊያ ጠባቂ ናቸው፤ እዚያ ስልክ አይሠራም፤ ቀብሩም እሳቸው እስኪወርዱ ሁለት ቀን እንዲቆይ ተወሰነ። መርዶውን ማን ይንገር ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ አማችን አየ። ስለ ተራራው መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው፤ አፍም አለው። የሟች ታናሽ ወንድም ጫማ ሰፊው አብሮት እንዲሄድ ተደረገ። የአባቱ ልጅ ነውና መቅረት የለበትም፤ ነገር ቶሎ ስለማይገባው ግን ብቻውን አይላክም።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ወርደው ዳገቱን ሲጀምሩ ጭቅጭቁ ስለ ጃንጥላ ነበር።

አማች፦ ጃንጥላ ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ጫማ ሰፊው፦ አላየሁም ጋሼ።

አማች፦ ታዲያ ለምን ያዝክ?

ጫማ ሰፊው፦ ዝናብ ነዋ።

አማች፦ ይሄ ዝናብ አይደለም። ለስላሳ ካፊያ ነው።

ጫማ ሰፊው፦ (የኮቱን እጅጌ እየጨመቀ) እሺ። ካፊያው ግን ካናቴራዬ ድረስ ገብቷል።

ተራራው አረንጓዴ ነበር፤ ዛፉ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩም፣ የአጥሩ እንጨትም። አማች ያየውን ሁሉ ያስረዳል፤ ይህ ዛፍ ስሙ ምን እንደሆነ፣ ያ ወፍ ለምን እንደሚጮህ። ወፉን አላየውም፤ ተራራውንም ከዚህ በፊት ረግጦት አያውቅም፤ ሁሉንም ያገኘው ከሰው ጠይቆ ነው። ጫማ ሰፊው «እህ» እያለ ከኋላው ይከተላል። አንድ የድንጋይ ድልድይ እንደተሻገሩ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ።

አማች፦ (መጽሐፉን በላስቲክ ሸፍኖ እያነበበ) ገጽ አሥራ ሰባት። «ድልድዩ ጋ ወደ ግራ።»

ጫማ ሰፊው፦ ይህን ማን ነገረህ?

አማች፦ ወንድምህ፣ ነፍሱን ይማርና። በስልክ ቃል በቃል አስጽፎኛል። እኔ የሰማሁትን አላበላሽም።

ጫማ ሰፊው፦ (ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ሰማዩን አይቶ) ግድ የለም። ግራ ካልክ ግራ።

ግራው ረግረግ ውስጥ አስገባቸው። አማች ረግረጉ አዲስ ነው አለ። ቀጥሎ ያለው ግራ ከአንድ ገደል ጫፍ ላይ አደረሳቸው፤ መጽሐፉ እዚያ ሦስት ሸለቆ በአንድ ጊዜ ይታያል ይላል። ከፊታቸው ነጭ ጭጋግ እንጂ አንድም ሸለቆ አልነበረም።

ጫማ ሰፊው፦ የቱ ነው ሸለቆው?

አማች፦ ጭጋጉም ራሱ እይታ ነው። ይህን ለማየት ብለው ከሩቅ የሚመጡ አሉ።

ጫማ ሰፊው፦ መጥተው ምን አሉ?

አማች በየዓመቱ ለቢሮው የአቤቱታ ደብዳቤ እንደሚደርስ አመነ። መንገድ ጠፋን፣ ማረፊያውንም አጣነው የሚሉ ናቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይላካል፦ ጎብኚዎች መጽሐፉን በጥንቃቄ እንዲያነቡ። ጫማ ሰፊው አባቱ ዘንድሮ እንግዳ ጠፋ፣ የዛሬ ሰው እግሩ ሰነፈ እያሉ ሲያማርሩ እንደነበር ተናገረ። አማች በዚህ ከልቡ ተስማማ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ዋሻ ውስጥ ተጠለሉ። አማች የመርዶውን ንግግር በወረቀት ጽፎ ይዟል። ልለማመደው፣ አንተ አባትህን ሁን አለው።

አማች፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) እንግዲህ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ የዚህን ዓለም ነገር...

ጫማ ሰፊው፦ (ድምፁን አወፍሮ) መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ።

አማች፦ እንዲህ አይሉም።

ጫማ ሰፊው፦ ይላሉ። ጭቃ አይወዱም።

አማች፦ ይሁን፣ አወለቅኩ። እንግዲህ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ የዚህን ዓለም ነገር...

ጫማ ሰፊው፦ ትልቁ ልጄ ደህና ነው?

አማች ወረቀቱን አየ። ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ አልነበረም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዝናቡ ቀለል ብሏል፣ እንሂድ አለ። ዝናቡ አልቀለለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አማች መጽሐፉን ገልብጦ፣ አዙሮ፣ በመጨረሻም ዘጋው። ጫማ ሰፊው ያን ጊዜ ቀደመና፣ ምንም ሳያመነታ በሁለት ድንጋዮች መካከል አቋርጦ ወጣ። ማረፊያው ከታቻቸው ነበር። አባት ጣሪያ ሥር ቆመው እንጨት ይፈልጣሉ፤ ፉጨታቸው እስከ ላይ ይሰማል።

አማች፦ አንተ! መንገዱን ታውቀዋለህ እንዴ?

ጫማ ሰፊው፦ እዚህ እኮ ነው የተወለድኩት ጋሼ።

አማች፦ ድልድዩ ጋስ?

ጫማ ሰፊው፦ ቀኝ ነበር። ወንድሜ መንገድ ሲናገር ሁልጊዜ ከዚህ፣ ከቤት ይነሳል። ቁልቁል የነገረህን አንተ ለሚወጣ ሰው ጻፍከው። የሱ ግራ ለሚወጣ ሰው ቀኝ ነው። ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ እንዲሁ ነው።

አማች፦ ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ምን ዘጋህ?

ጫማ ሰፊው፦ በቀኙ ብንመጣ አምስት ሰዓት ላይ እዚህ ነበርን።

አማች፦ እኮ!

ጫማ ሰፊው፦ አምስት ሰዓት ላይ ትነግራቸው ነበር። (ወደ ታች እያየ) አሁን እያቸው። ምሳቸውን በልተዋል። እንጨታቸውን ፈልጠዋል። ዛሬን ሁለት ወንድ ልጅ እንዳላቸው ሰው ሆነው ዋሉ። እኔ ከዚህ ሌላ የምሰጣቸው ነገር የለኝም።

አማች ቀኑን ሙሉ አንድ ፈዛዛ ሰው እየጎተተ የወጣ መስሎት ነበር። በዚህ መሃል አባት ቀና ብለው አዩዋቸው።

አባት፦ (ከታች) በጠዋቱ አውቶቡስ የመጣ ሰው እስካሁን የት ነበር? ማነው የመራው?

ጫማ ሰፊው መልስ ሊሰጥ ሲል አማች እጁን ያዘው።

አማች፦ እኔ ነኝ አባባ። መንገድ ስቼ ነው።

አባት መጥረቢያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ይዘዋቸው ገቡ፤ ደረቅ ልብስ ሰጧቸው፤ ሾርባ አሞቁላቸው። ምን እግር ጣላችሁ ሲሏቸው፣ ጫማ ሰፊው ናፍቀውን ነው አለ፤ ውሸቱን አልነበረም። አማች ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ጠየቃቸው። አባት የትኛው ቆርቆሮ እንደላላ እያሳዩ በሰፊው አስረዱት።

ሾርባው አልቋል። አባት ገና አልተነገራቸውም።