ምናለ ምን አለ?

ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በወረፋ፣ ጨርቅ በዕድል ይገኝ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ያለ ቀበሌ መታወቂያ የሚታደል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወሬ። ወሬ ደግሞ እንደ በርበሬ ነው። የሰው ወጥ ላይ ሲነሰነስ ያጣፍጣል፣ የራስ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያስለቅሳል። እናንተም ብትሆኑ እስካሁን የቆያችሁት ማንን እንደማማ ለማወቅ እንጂ ለስኳሩ አዝናችሁ አይደለም። አልፈርድባችሁም።

እኔ ያን ጊዜ ቢቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። በከተማው አዳራሽ በር ላይ የግድግዳ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። ከላይ ስለ እርከን ሥራ፣ መሐል ላይ ስለ መሠረተ ትምህርት ይጻፍበታል፤ ያንን የሚያነብ አልነበረም። ሰው ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዱም ተንበርክኮ የሚያነበው ከግርጌ ያለችውን «ከመጋረጃው ጀርባ» የምትል ጠባብ ዓምድ ነበር። የዓምዷ ጸሐፊ ጓደኛዬ ምናለ ነው፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ከርሞ፣ ድንገት ትቶት የኪነት ቡድኖችን ጉድ መቁጠር የጀመረ ሰው። የትኛዋ ዘፋኝ ከየትኛው ከበሮ መቺ ጋር ተኳረፈች፣ የማን ሹራብ ከማን ሻንጣ ወጣ፣ እሱ ነው የሚያውቀው። ገበያ ላይ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ «ምናለ ምን አለ?» ይባባል ነበር።

በዚያ ሰሞን ዓይን ሁሉ ያረፈው የዝና በምትባል የሞጣ ኪነት ቡድን ድምፃዊት ላይ ነበር። ለአብዮት በዓል ቢቸና መጥታ የዘፈነችው ስለ ትራክተር ነው፤ ግን እመኑኝ፣ ትራክተሩን ስታሞግሰው አዳራሽ ውስጥ የነበረ ወንድ ሁሉ ትራክተር መሆን አማረው። ሮብ ገበያ ከተማ የሚያስተምር እጮኛ እንዳላት ይታወቃል። አዲስ አበባ ላለ ትልቅ ቡድን እንደተመረጠችም ይታወቃል። የታወቀ ነገር ደግሞ ወሬ አይሆንም። ምናለ ተቸገረ። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል፤ እሱ ግን ወሬውም ስላልነበረው ሐሳቡን ብቻ ጻፈው።

«የሞጣዋ የዝና ልቧ ሸፍቷል ይባላል። ወዴት ይሆን?»

ይኸው ነው። ሌላ ሰው ወደደች ለማለት ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አንብቦ ሞጣ አደረሰው፤ መንገድ ላይ «ልቧ» የምትለዋ ቃል ተንጠባጥባ ቀረች። ሞጣ ሲገባ ወሬው «የዝና ልትሸፍት ነው» ሆኖ ነበር። ጥቂት ሚሊሺያዎች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ጫካ በገቡ ማግስት ስለነበር፣ ሹሞቹ ለሰዋስው ጊዜ አልነበራቸውም። የዝናን ከልምምድ ላይ ወሰዷት።

ምናለን ደግሞ የእኛ ከተማ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ አስጠራው። አብሬው ሄድኩ። ይታሰራል ብለን ስንጠብቅ ኃላፊው ብድግ ብሎ ጨበጠው።

«ንቃትህን አድንቀናል፣ ጓድ ምናለ!»

«ጓድ፣ እኔ እኮ ፍቅር ማለቴ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም። ከራሴ ፈጥሬው ነው።»

ኃላፊው ሳቀ። «ገብቶኛል። ምንጭህን አትግለጽ፤ ጥሩ ታደርጋለህ።»

ልብ በሉ! ሰውየው ስንት ዘመን ሲዋሽ ታመነ፤ አንድ ቀን እውነት ቢናገር የሚያምነው አጣ።

እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለን ሞጣ ሄድን። እስር ቤቱ በር ላይ የየዝና እናት አገልግል ይዘው ቆመዋል። ምናለን አላወቁትም። ኪሱ ላይ የሰካትን እስክሪብቶ አይተው፣ «ልጄ፣ ጽሕፈት ታውቃለህ መሰል፤ ስለ ማርያም ብለህ ለልጄ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉት።

«እሺ እማማ» አለና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ወሬው የእኔ ፈጠራ ነው፣ እሷን ልቀቁና እኔን እሰሩኝ የሚል ነበር። እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ አማርኛ ጽፎ አያውቅም፤ ሰምም ወርቅም የሌለበት። ስሙን ፈረመበት። እናቲቱ ማንበብ ስለማይችሉ እጁን ይዘው ሳሙት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ማመልከቻዋ ነገሩን አባሰችው። «ይህ ሰው ስለ እሷ ምን አንገበገበው?» ተባለ። የዝናን ጠየቋት። ብልህ ናትና መውጫው በር የቱ እንደሆነ ገባት።

«ልቤ የሸፈተው ለእሱ ነው» አለች። መልኩን እንኳ አታውቀውም።

ነገሩ ሁሉ ግጥም አለ፤ የጋዜጣውም ጽሑፍ፣ የማመልከቻውም ልመና። ሹሞቹ እፎይ አሉ፤ ከሽፍትነት ብልግና ይሻላል። ግለ ሒስ አድርጋ ተለቀቀች። በባሕርይዋ ምክንያት ግን ከኪነት ቡድኑ ተሰረዘች፤ አዲስ አበባም በዚያው ቀረ። የሮብ ገበያው አስተማሪ እንኳን መጥቶ ሊጠይቃት፣ ቀለበቴ ይመለስልኝ ብሎ ሽማግሌ ላከ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ እንደማይታሽ ምናለ አላጣውም። ቢሆንም እናቷ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ያበላሸሁትን ላቃና፣ ላግባሽ አላት። የዝና በሩን ተደግፋ እስኪጨርስ ሰማችው።

«አንዴ በቃልህ ታስሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ በቃል ኪዳን ልታሰር?»

በሩን ዘጋችበት። ቅኔ ቤት የከረመው እሱ፣ የተቀኘችው እሷ።

ምናለ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። ዓምዷን ሌላ ሰው ወረሳት፤ የመጀመሪያው ጽሑፉም «የምናለና የየዝና ድብቅ ፍቅር» የሚል ነበር። ያን ቀን ጤና ጣቢያው በሽተኛ አጣ፤ የሚያነክሰውም የሚያስለውም አዳራሹ በር ላይ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የዝናን ሉማሜ ገበያ ላይ ጨው ስትሸጥ አገኘኋት። ፊቷ ከስቷል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ስለ ጓደኛዬ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። ግራ ቀኝ አየችና ጠጋ አለች።

«እሱን ተወው። ይልቅ ያቺ በእኔ ቦታ የተተካችው ዘፋኝ ከቡድኑ ኃላፊ ጋር ናት የሚሉት እውነት ነው?»

ጨዋ ሰው ብሆን አላውቅም እል ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያቺ ሴት ከዚያ በፊት ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ታዲያ ምን ላድርግ?