ከመናገሬ በፊት ጻፉ

“እሺ ይበልጣል ከሺህ” ያለው ሰው የአንጀት ሐኪም አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ተረቱን ራሱ ይሰርዘው ነበር። እኔ ግን ነኝ፤ በዚያ ላይ አስተማሪ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉታ የመጡ ሦስት ወጣት ሐኪሞችን፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት እያዩ ትንንሽ እብጠቶችን እንዲለዩ አሠለጥናለሁ። ምስር የምታህል እብጠት ሁለት ዓይነት ናት። አንዷ ዕድሜ ልኳን ብትቀመጥ ጉዳት የላትም። ሌላዋ ዛሬ ካልተቆረጠች ከዓመታት በኋላ ካንሰር ልትሆን ትችላለች። የሚለያቸው ቀለማቸውና በላያቸው ያለው የደም ሥር መስመር ነው፤ እሱም ዓይን እስኪለምደው ያስቸግራል።

ሥልጠናው መጀመሪያ ላይ በጣም ተመቸኝ። ምስል አሳያለሁ፣ “ይህቺ ምንም አትል” እላለሁ፣ ሦስቱም “ልክ ነው ዶክተር” ይላሉ። ምን ዓይነት ጎበዝ ልጆች ናቸው አልኩ። ምን ዓይነት ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ማለቴ እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል። አንድ ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አውቄ ተሳሳትኩ። ቡናማ፣ የደም ሥሯ የጎላ፣ ማንም የማይስታትን መጥፎ እብጠት አሳይቼ “ጤነኛ ናት” አልኩ።

“ልክ ነው ዶክተር።”

ታላቅን መቃወም ነውር ነው ተብለን ማደጋችን ለሠርግ ቤት ጥሩ ነው፤ ለአንጀት አይሆንም። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፤ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሁሉም መልሱን፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም ጭምር፣ በወረቀት ይጽፋል። የመጀመሪያው ሰሞን ወረቀታቸው ላይ ያለው ስህተት ያስለቅስ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ዓይናቸው ተገራ። በተለይ የሱሉታዋ ሃዊ፣ ድምፅዋ ጆሮ ካላስጠጉ የማይሰማ ልጅ፣ ወረቀት ላይ እንደ ጠበቃ ትሟገት ጀመር።

ከዚያ ኦቦ ገመቹ መጡ። ተጂ ከምትባል የገጠር ከተማ የመጡ ገበሬ ናቸው። ሰገራቸው ላይ ደም አይተው፣ አፍረው ለወራት ሲደብቁ ልጃቸው ደርሳበት በግድ አመጣቻቸው። ደሙ የኪንታሮት ሆኖ ተገኘ። ተገላገልን ብዬ ቱቦውን ስመልስ አንዲት ሚጢጢ እብጠት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። እኔ በልቤ “ምንም አትል፣ ትቀመጥ” ብዬ ፈርጃለሁ፤ ምሳዬም ደርሷል። ለደንቡ ያህል “ጻፉ” አልኩ።

ሁለቱ “ጤነኛ” አሉ። የሃዊ ወረቀት ግን “መጥፎ ናት። እርግጠኛ ነኝ። ጠርዟን ይጠቡትና ይዩት” ይላል።

ጠርዟን በውኃ አጠብኩት። የሸፈናት ንፍጥ ሲነሳ ቡናማዎቹ መስመሮች ተገትረው ታዩኝ። ቆረጥኳት። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ሃዊ ልክ ነበረች።

ኦቦ ገመቹ ውጤቱን ሊሰሙ መጥተው ኮሪደሩ ላይ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። “ገለቶሚ ዶክተር፣ ዋቃ ዕድሜ ይስጥህ” እያሉ ምርቃቱን አወረዱት።

“እኔን አያመስግኑ” አልኳቸው። “እኔማ ልተዋት ነበር፣ ተሳስቼ። የለየቻት ይህቺ አጠገቤ የቆመችው ሃዊ ናት።”

ሳቁ። ወደ ሃዊ ዞረውም “አየሽ ልጄ፣ የተማረ ሰው ትሕትናው እንዲህ ነው። ለተማሪው ሲል ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ዕድለኛ ነሽ” አሏት።

አልዋሻችሁም፣ ምርቃቱን ተቀብዬ ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ሃዊ ካቀረቀረችበት ቀና አለች። ወረቀት አልያዘችም።

“ትሕትና አይደለም፣ ኦቦ ገመቹ” አለች፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። “ዶክተር እውነትም ተሳስተው ነበር።”

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተዋርጄም፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼም አላውቅም።