ለቅሶ ቤት የገባው የዶሮ ሕግ

ለመሆኑ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ምግብ የሚመረምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛን ገጥሞናል። ታላቅ ወንድሜ በሞተ ሰሞን የእናቴ የአክስት ልጅ ጋሽ ተፈራ ከለንደን እኛ ወዳለንበት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጡ። ደግ ሰው ናቸው። ብቻ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ወደቧን ለሳቸው አደራ ብላ የወጣች ይመስላቸዋል።

እናቴ እህል አልቀምስ ብላ ጨንቆናል። ወዳጇ እትዬ ሙሉ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ዶሮ ወጥ ይዘው መጡና በስንት ልመና አንድ ጉርሻ አስያዟት። እጇ አፏ ሳይደርስ ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የአሜሪካ ዶሮ በክሎሪን ነው የሚታጠበው። እኛ ከኅብረቱ ወጥተን እንኳ አላስገባነውም!»

እናቴ እጇን መለሰች።

«ምነው ጋሼ! ይኸው ስንት ዓመት በልተን አለን አይደል?» አሉ እትዬ ሙሉ።

«መኖር ሌላ፣ ስታንዳርድ ሌላ።»

ይህን ያሉት ለቅሶ ቤት ተቀምጠው መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እናቴ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ የያዘችውን ጉርሻ ወደሳቸው ዘረጋች።

«ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ ባዶ ሆድህን? እንካ፣ በሞቴ።»

ልጇን የቀበረች እናት በሞቴ ስትል የሚከለክል ሕግ የት አገር ወጥቷል? ጋሽ ተፈራ አፋቸውን ከፈቱ። አላመጡ። ዋጡም።

«በይ አንቺም» አሉና ከዚያው ሳህን ጠቅልለው አጎረሷት። እናቴ ተቀበለቻቸው። ቤት ሙሉ ሰው ስታኝክ ያያታል።

እኔ ወጥ ላሙቅ ብዬ ኪችን ገባሁ። ማይክሮዌቩ ጨርሶ ሲጮኽም እንባዬ አልቆም ብሎኝ አልወጣሁም።