የአዴር ሳማታር አቋራጭ

በየከተማው መኪና የሌለው ሰው ብዙ ነው፤ ያለ መኪና እንዴት እንደሚኖር የሚያስተምር ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ደመወዝ የለውም፤ የዓመት ፈቃድም አይወጣም። ጅግጅጋ ላይ፣ እናትአለም ሻርፕና የሴት ልብስ በምትነግድበት ተራ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አዴር ሳማታር ናቸው። "አዴር" በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ተራው በሙሉ እንዲያ ይላቸዋል።

አዴር ወጣትነታቸውን በአዲጋላ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ጨረሱ። የድሮው ባቡር ሲቆም ጅግጅጋ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ አያምናቸውም፣ እሳቸውም አያምኑትም። ጠዋት ጠዋት እናትአለም ሱቅ ደጃፍ ላይ ያለችውን በርጩማ ይይዙና ባጃጅ ለማስቆም እጁን የዘረጋውን ሁሉ ያርማሉ።

"ሆቴሉ በር ላይ ቆመሽ ባጃጅ አትጥሪ" ይላሉ። "ሃምሳ እርምጃ ተራመጂ። ሆቴሉ በር ላይ እንግዳ ነሽ፤ ሃምሳ እርምጃ ካለፍሽ የአገር ሰው ነሽ። ሹፌሩን መጀመሪያ ሰላም በዪው፣ ልጆቹን ጠይቂው፣ የምትሄጂበትን መጨረሻ ላይ ንገሪው። ልጆቹን የጠየቀውን ሰው ለመዝረፍ ይከብደዋል። ሀዬ?"

"ሀዬ"ን ሳይሰሙ አይለቁም። እሺ ማለት ነው፤ እናትአለም በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለው ቆጥራው አታውቅም።

ዕቃ ልታመጣ ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ ስትሄድ ደግሞ ምክሩ ይበረታል። "ስትመለሺ ሻንጣ የበዛበት ሰው አጠገብ አትቀመጪ። ፍተሻው የሱ ነው፤ መዘግየቱ ግን ያንቺም ነው።" የከተማ ጉዳይ ካላት ከቀትር በፊት ትጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ሱቁም ሹፌሩም ጥላ ፍለጋ ስለሚገባ እስከ አስር ሰዓት ድረስ ከተማው የማንም አይደለም። እውነት ለመናገር ምክራቸው ትክክል ነበር። ትክክል ሆኖ የማያልቅ ነገር ነው ሰውን የሚያሰለቸው።

ከሁሉም የባሰው አቋራጫቸው ነው። አዴር አስፋልት አይወዱም። በሰው ግቢ፣ በደረቁ ወንዝ፣ በጋራዥ ጓሮ የሚያልፍ የራሳቸው ጅግጅጋ አላቸው። አንድ ቀን እናትአለም አምናቸው በነገሯት መንገድ ብትሄድ ለቅሶ ቤት መሃል ገባች። ሰው በተቀመጠበት ሰንጥቆ ማለፍ ነውር ነው፤ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፣ ተቀመጠች፣ የማታውቀውን ሟች አለቀሰች፣ ሩዝ አቀረቡላት፣ በላች። የሐረሩ ሚኒባስም ጥሏት ሄደ። ተመልሳ ስትወቅሳቸው አዴር በጥሞና ሰምተው፣

"መንገዱ ልክ ነው" አሉ። "ሰውዬው ነው የሞተው።"

ከዚያ ወዲህ ሀዬ እያለች በአስፋልት ትሄዳለች።

እናቷ ወይዘሮ ይርገዱ ከደሴ መጥተው አብረዋት መኖር ከጀመሩ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። የልጃቸውን ፊት የሚያውቁት በእጃቸው ዳብሰው ነው፤ "ከስተሻል" ይሏታል አንዳንዴ፣ ጉንጯን ይዘው። እንግዳ ሐኪሞች መጥተው ሆስፒታሉ ውስጥ በነፃ ቀዶ ጥገና እየሠሩ ነው ሲባል እናትአለም መተዳደሪያዋን ሱቁን ዘግታ ወረቀት ስታስጽፍ ሰነበተች። ተራቸው ደረሰ፤ የመጨረሻው ቀን ነበር። ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ በማግስቱ ሐኪሞቹ ይሄዳሉ።

በዚያው ጠዋት ከተማው ውስጥ ነዳጅ ጠፋ። ባጃጁ ሁሉ ማደያው በር ላይ ተሰልፎ ቀረ። እናትአለም እናቷን ደግፋ ሱቋ ደጃፍ ቆመች፤ አምስት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ተኩል ሊሆን ሆነ፣ መንገዱ ባዶ ነው። ስንት ዓመት የመከሯትን ሰውዬ ዞር ብላ አየቻቸው፤ እሷ ስትጠይቃቸው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

"አዴር፣ ምን ላድርግ?"

አዴር ምክር አልሰጡም። ተነሥተው አስፋልቱ መሃል ገቡና በመጣው የውሃ ቦቴ ፊት ቆሙ። ሹፌሩ ዳሂር የሚባል ነው፤ አባቱ ሲሞት ሦስቱንም ቀን ተቀምጠውለታል። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ነበረው። አዴር ወይዘሮ ይርገዱን በሁለት እጃቸው አንሥተው አሳፈሩ፤ ሱቁን እንደሚጠብቁ በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

ሆስፒታል ደርሰው ሂባቅ የምትባለው ነርስ በመስኮቱ "የሪፈር ወረቀት" ስትል እናትአለም ቦርሳዋን በረበረች፤ የለም። እናቷን ነጠላ ስታለብስ ሱቋ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ትታው ነበር።

"እህቴ፣ ያለሱ መመዝገብ አልችልም" አለች ሂባቅ፤ ማዘኗ ይታይባታል። "ሃያ አምስት ደቂቃ አለሽ።"

እናትአለም ደወለች። "አዴር፣ ወረቀቱ..."

"ይዤው ወጥቻለሁ" አሉ፤ እያለከለኩ ነው። ስልኩ ተዘጋ።

በአስፋልት ለወጣት እንኳ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አዴር ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እናትአለም እናቷን ግቢው ውስጥ ከግራር ሥር አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመች፤ በሩቁ አስፋልቱን እያየች በሆዷ ስትለምን፣ አዴር መንገድ ነው ተብሎ በማይታሰብ በኩል፣ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ካለ የጎረቤት ግቢ ቀዳዳ ብቅ አሉ። ሽርጣቸው እሾህ ይዞት ተቀዷል፤ አንዱ ነጠላ ጫማቸው የለም። ወረቀቱን በአጥሩ ብረት መሃል አሾለኩላት። ሮጣ ወስዳ ሰጠች፤ ሂባቅ ማህተሙን ስትመታ ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀራል። ወይዘሮ ይርገዱ የመጨረሻዋ ተመዝጋቢ ሆኑ። እናትአለም እዚያው መስኮቱ ሥር አለቀሰች።

ተመልሳ ስትመጣ አዴር ከአጥሩ ወደ በሩ ዞረው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ዐብዲሓኪም አላስገባ ብሏቸዋል፤ ትእዛዝ ነው፣ ከበሽተኛ ቤተሰብ በቀር ማንም አይገባም። አዴር ለመከራከር አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ አጡ። ያ አንደበት ተዘግቶ ስታይ፣ ስንቱን ሰው በዚያ ግቢ፣ በዚያ ወንዝ ሲያልፉ ሰላም ብለው ይሆን፣ ስንቱስ በር ከፍቶላቸው ይሆን ብላ አሰበች፤ እንደምትወዳቸውም ያን ጊዜ አወቀች።

"ቤተሰብ ናቸው፤ አስገባቸው" አለች።

"ምንሽ ናቸው?"

"የእናቴ ወንድም።"

ዐብዲሓኪም ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ከእጇ ተቀብሎ አነበበ። ይርገዱ ወልደሚካኤል። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው።

"እርስዎስ፣ ስምዎ ማን ነው?"

"ሳማታር" አሉ አዴር በተቆራረጠ ትንፋሽ። "ሳማታር ሱጉሌ።"

ዘበኛው ስሙን ሰማ፤ ወረቀቱን እንደገና አየ፤ ከዚያ አቧራ የለበሰውን፣ የደማውን ባዶ እግራቸውን ተመለከተ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላትና በሩን እስከ ጥግ ከፈተው።

"ይግቡ አዴር" አለ። "እህትዎ እዚያ ግራሩ ሥር ተቀምጠዋል።"