የልጄን ደብተር እንደ ጆንያ የወጋሁ ዕለት

ዛሬ ቡሬ ላይ ማን እንዳዋረደኝ ብነግራችሁ አታምኑም። ደላላ አይደለም። ሚዛንም አይደለም።

የልጄ የእንግሊዝኛ ደብተር ነው።

ልጄ ማስተዋል የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል፤ አንድ ወጣት መምህር ቤቱ ያስጠናታል። እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ጆንያ ላይ ከተጻፈው አያልፍም።

ጠዋት ረስታው የሄደችውን ደብተር ከመሃል ገለጥ አደረግሁት። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ «አሁን»፣ በቀኝ «ድሮ» ይላል። ከሥሩ፦ ካት፣ ካት። ፑት፣ ፑት። ኸርት፣ ኸርት።

ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። አንድ ናቸው።

ከበቆሎ ውስጥ አሸዋ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ! ይሄ መምህር አንዱን ቃል ሁለቴ እየሰፈረ ጆንያ ይሞላል አልኩ።

ባጃጅ ይዤ መምህሩ ቤት ከተፍ። ዐሥር የሚሆኑ ልጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ ማስተዋልም መሃላቸው አለች። ደብተሩን ዘረጋሁለት።

«መምህር፣ ይሄን ገበያ ብናወጣው ማን ይገዛናል? ልጄን ይዤ መሄዴ ነው።»

መምህሩ ብድግ አለ። «ኧረ ይቀመጡ ጋሼ። አንዳንዱ ግስ ድሮም አሁንም መልኩ አይለወጥም። የፈረንጅ ሥራ ነው፤ እኔ የለሁበትም።»

«እሺ፣ የሚለወጠውስ የታለ?» አልኩ። የረታሁ መስሎኝ።

ማስተዋል አንገቷን እንደደፋች፣ «አባባ፣ ከላይና ከታች አልወጉትም እንዴ?» አለች።

ጆንያ ስገዛ የውስጡን እህል ለማየት በሹል ብረት ሦስት ቦታ እወጋለሁ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። «አንድ ቦታ ወግቶ የገዛ፣ ራሱን ሸጠ» እያልኩ ያሳደግኋት እኔው ነኝ።

ከላይ ገለጥኩ። ጎ፣ ዌንት። ከታች ገለጥኩ። ቴክ፣ ቱክ። አንዱ ከአንዱ አይገጥምም።

ልጆቹ ሳቃቸውን አፍነው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። መምህሩ በግድ አስቀመጠኝ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ ከልጆቹ ጋር «ካት፣ ካት» ስል አረፈድኩ።

ስንመለስ በእግራችን ነበር። «አሳፈርኩሽ?» አልኳት።

«አዎ» አለች፣ ሳታቅማማ። ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «የጓደኞቼ አባቶች ግን ደብተር ገልጠውላቸው አያውቁም» አለች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ አጠረብኝ።

መምህሩን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ልጄም ትምህርቷ ላይ ናት። እናንተስ ወገኖቼ፣ የልጃችሁን ደብተር ስንት ቦታ ወግታችሁታል?