ማኅተሙ በኪሳቸው ነው

በአፉ ሥልጣን አስረክቦ ከመቀመጫው የማይነሣ ሥራ አስኪያጅ የሌለው ከተማ የለም። የጭሮው አቶ ተስፋዓለም ይባላሉ፤ ባቋቋሙት የመድኃኒት ማከፋፈያና መደብር ውስጥ ግን ከጀርባቸው የሚጠሩት «ክቡርነታቸው» እየተባሉ ነው።

ክቡርነታቸው ተተኪ መሾም ይወዳሉ። መጀመሪያ ቢራቱን ሾሙ፤ ሾመውትም በየማለዳው እየመጡ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቢራቱ ሁለት ዓመት ቆሞ ሠራና ሂርና ወርዶ የራሱን ማከፋፈያ ከፈተ። ቀጥለው ፋርማሲስቷን ሳህሊቱን ሾሙ። በግ አርደው፣ መርቀው፣ «ከእንግዲህ ጡረተኛ ነኝ» አሉ፤ የድርጅቱን ማኅተም ኮት ኪሳቸው ከትተውም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«ጋሼ፣ ማኅተሙስ?»

«ልጄ፣ ማኅተም እንደ ሚስት ነው፤ ለሰው አይሰጥም።»

ከዚያ ወዲያ ሳህሊቱ ለአንድ ካርቶን ጓንት እንኳ ደብዳቤ ይዛ ደጃቸው ትቆማለች። አንብበው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ደግመው አንብበው «ነገ እናየዋለን» ይሏታል።

በሐምሌ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን ሊያልቅ ደረሰ። የአዲስ አበባው አስመጪ፣ ማኅተም ያረፈበት ማዘዣ እስከ ዓርብ ካልደረሰው ድርሻቸውን ለሌላ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ክቡርነታቸው መቻራ ለቅሶ ሄደዋል፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል፤ ስልካቸው አይሠራም።

ዓርብ ማታ የመጋዘኑ ሠራተኛ መስዑድ ባዶውን ፍሪጅ ከፍቶ አየና፣ «ወላሂ፣ ማኅተሙም አብሮ ለቅሶ ተቀምጧል!» አለ።

ሳህሊቱ አልሳቀችም።

ሰኞ ክቡርነታቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡ። ድርሻው ለቢራቱ ተሰጥቷል፤ የመሰላ ወረዳ ደንበኞችም ወደ ሂርና ዞረዋል።

«ቢራቱን ማን አስተማረው?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«እርስዎ ነዎት። እኔንም አስተምረውኛል፤ ነገ እሱ ጋ ሥራ እጀምራለሁ።»

ይጮኻሉ ብላ ጠበቀች። ቢጮኹባት ይቀላት ነበር፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በትከሻቸው ተሸክመው ጎርፍ የተሻገሩትን ሰው ጥሎ መሄድ እንዲህ ባልከበዳት።

«ወረቀት አውጪ» አሉ። «ኢንሱሊን የሚወስዱትን ልንገርሽ፤ ቢራቱ ስም አይያዝለትም።»

ማን በስንት ቀን እንደሚጨርስ፣ ማን ካልተጠራ እንደማይመጣ፣ ከሃያ አራቱ ሕመምተኞች ሃያ ሦስቱን ሳይሳሳቱ ቆጠሩላት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር።

«አንድ ቀረ መሰለኝ፤ ማነው ጋሼ?»

«ተስፋዓለም ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ከሐሙስ ጀምሮ አልተወጋም።»