ዋናው ቁልፍ ይቀመጥ

እኛ ሰዎች ዋናውን ነገር ቆልፈን በቅጂው መኖር እንወዳለን። የልደት ምስክር ወረቀታችን ዋናው ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብስ በታች ይተኛል፤ ከተማ ለከተማ የምናዞረው ፎቶ ኮፒውን ነው። ሶፋችን እንዳይቆሽሽ ጨርቅ ይለብሳል፤ እንግዳ የሚቀመጠው ጨርቁ ላይ ነው፤ ሶፋው የሰው ገላ ሳይነካው ያረጃል። ታላቅ እህቴ ለሠርጓ የተሰጣትን የብርጭቆ ስብስብ ሃያ ዓመት ሙሉ ቡፌ ውስጥ ደርድራ በፕላስቲክ ኩባያ ስትጠጣ ኖረች። ለምን? እንዳይሰበር። ባለፈው ክረምት ቡፌው ራሱ ተገነደሰ።

በእህቴ ብስቅም የተናደድኩት በእሷ አይደለም። የተናደድኩት በመሥሪያ ቤቴ ነው፤ በሥራ አስኪያጁ ነው፤ በሰው ኃይል ክፍሉ ነው፤ ሦስት ሆኖ አንድ ፖስታ መክፈት ባቃተው ኮሚቴ ነው። ዝርዝሩ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ሰው ይቀራል፤ እሷን ራሳችሁ ትደርሱባታላችሁ።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። የከተማው ባቡር ገና ወሬ ብቻ ስለነበር አያት ሰፈር የምንደርሰው በሚኒባስ ተጋፍተን ነው። መሥሪያ ቤታችን ኮተቤ መንገድ ላይ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። እኔ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ከሥራዎቻችን አንዱ፣ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ቤት ተከራይተው ጠበል የሚጠመቁ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን አክታ ሰብስቦ ታች ከተማ ላቦራቶሪ ማድረስ፣ ውጤቱንና መድኃኒቱን ደግሞ ሽቅብ መመለስ ነው። ለዚህ ሥራ ዕርዳታ ሰጪዎች አንዲት አዲስ ሞተር ብስክሌት ሰጡን። ሁለት ቁልፍ ነበራት፤ የሁለቱም ጭንቅላት ወፈር ያለ ጥቁር ፕላስቲክ። መመሪያ መጽሐፍም ነበራት። የት ነበር? ካዝና ውስጥ። ማን አነበበው? ማንም! ዋናው ነዋ።

የሚነዳት ቱፋ ነው። የካራ ልጅ ነው፤ አባቱ ገብስ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የሰው ቪላ ቆሟል። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከሞተሯ ጋር በሁለቱም ይነጋገራል። ሦስት ዓመት በኮንትራት ሠርቶ በዚያ ዓመት መጨረሻ ቋሚ ሊሆን ነው። ቋሚ ከሆነ ደግሞ ሊያገባ ነው። የልጅቷ አባት፣ አንተ የኮንትራት ሠራተኛ ከሆንክ እኔም ልጄን በኮንትራት ልስጥህ እንዴ ብለውታል። ይህን እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ግን የሳቀው አፉ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ከእንጦጦ ሲወርድ እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው አገኛቸው። ፍሬን ያዘ፤ መሬቱ ዝናብ ነክቶት ነበርና ሞተሯ ተንሸራተተች። ቱፋ የናሙናውን ሣጥን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወደቀ። ተነሣ፣ ሞተሯን አቆመ፣ ቁልፉን ነቀለ። አንዱም ብልቃጥ አለመሰበሩን ለማየት ሣጥኑን ሲከፍት ቁልፉ ከእጁ አምልጦ ገደሉ ውስጥ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ክምር ውስጥ ገባ። ከባለ አህዮቹ ጋር ሆኖ እስከ እኩለ ቀን ቅጠል ሲገለብጥ ዋለ። ከዚያ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሞተሯን እየገፋ መጣና፣ “እትዬ ገነት፣ ሰው አልሞተም፤ ናሙናውም ደህና ነው፤ ቁልፉን ግን እንጦጦ ግብር አስከፍላኛለች” አለኝ።

ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ሁለተኛውን ቁልፍ አውጥቶ “በል ሂድ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው” ይላል። እኔ ግን የንብረት ባለሙያ ነኝ! የቀረችውን ብቸኛ ዋና ቁልፍ፣ ለዚያውም አንዱን ለጣለ ሰው፣ አሳልፌ ልስጥ? ቁልፏን በመሐረብ ጠቅልዬ መገናኛ ወረድኩ። እዚያ ጃንጥላ ዘርግቶ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰውዬ ነበር። ተቀበለኝ፣ በጣቱ መዘናት፣ ጭንቅላቷን በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት። ከዚያ፣ እህቴ፣ የዚችኛዋ ራስ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ጥርሱን እቀርጽልሻለሁ፣ ይዞርልሻል፤ ሞተሩ ይነሣልሻል ብዬ ግን አልምልልሽም አለኝ። እኔም አንተ ጥርሱን ቅረጽ፣ የሞተሩን ነገር ለእኛ ተወው አልኩት። ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ቀረጸ።

ይህን አባባሉን ያዙልኝ። እኔም ይዤው ነበር፤ ይዤው ዝም አልኩ እንጂ።

ዋናዋን ቁልፍ በፖስታ አሸግናት። ሦስት የኮሚቴ አባላት እሽጉ ላይ ፈረምን፤ ማኅተም አሳረፍን፤ ካዝና አስገባናት። ንግሥት እንኳን እንዲህ ባለ ክብር አልተቀበረችም። ቱፋ ቅጂውን ተቀበለ። ቁልፉ ገባ፣ ዞረ፣ ጥሩምባው ጮኸ። ሞተሯ ግን አልተነሣችም። የፍጥነት ሰዓቷ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቱፋ፣ ይህቺ መብራት ድሮ ቁልፉን ሳዞረው ትጠፋ ነበር፤ አሁን ምን ፈልጋ ነው የምትጠቅሰኝ ሲል ዘበኛው፣ “ላጤ መሆንህን ሰምታ ነዋ!” ብሎ ግቢውን አሳቀው።

ከዚያ የአዋቂዎች ጉባኤ ተጀመረ። ካንዴላ ተቀየረ፤ ባትሪ ተቀየረ። አራት ወንዶች ከኋላ እየገፉ ግቢውን ሰባት ጊዜ ዞሯት። ዘበኛው ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል አለ። ሂሳብ ክፍል፣ ውሃ የገባው ቤንዚኑ ተሰርቆ ነው አለ። የሰው ኃይል ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ፣ ልጁ ሲወድቅ አበላሽቷት ነው፣ ደብቆን ነው አለ። በመጨረሻ ይሄኛው ተወደደ። ለምን አይወደድ? ውሃ አይቀጣም፤ ሌባው አልታወቀም፤ ቱፋ ግን እዚያው ቆሟል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቱፋ የሕመምተኞቹን አክታ በእግሩ አመላለሰ። ጠዋት ሽቅብ፣ ከሰዓት ቁልቁል። ሰው በሰዓቱ መድኃኒቱን ያግኝ ብሎ ቁርሱን እየሄደ የሚበላ ሰው ነው ሆን ብሎ ንብረት አበላሸ የተባለው!

ግምገማው ደረሰ። ለማያውቅ ሰው፣ ግምገማ ማለት ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጥና አንዱ ተነሥቶ ጥፋቱን ይናዘዛል፤ ሌሎቹ ደግሞ የረሳውን ያስታውሱታል። መጨረሻ ላይ ውጤት ይሰጣል። ቱፋ ተነሣ። ቁልፉን መጣሌ ጥፋቴ ነው፣ እቀበላለሁ፤ ሞተሯን ግን አላበላሸሁም፤ የታመመችው ቁልፏ ከተቀየረ ጀምሮ ነው አለ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። ቁልፍ በር ይከፍታል እንጂ ሞተር ያክማል እንዴ፤ ይሄ የራስን ችግር ወደ ውጭ መግፋት ይባላል አለ። ሁሉም ሳቀ። አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ በዚያ ዘመን ማን ነበር?

እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ የመገናኛው ሰውዬ ቃል ጉሮሮዬ ላይ መጣ። “የዚችኛዋ ራስ ውስጥ አንድ ነገር አለ።” አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ሳለሁ “ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?” የሚለው ጥያቄ ከሩቅ ሲመጣ አየሁትና መልሼ ዘጋሁት። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ማን ይሆን? እንደኔ ያለ የንብረት ክፍል ኃላፊ መሆን አለበት። ለቱፋ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት። ማስጠንቀቂያ ያለበት ኮንትራት ሠራተኛ ቋሚ እንደማይሆን ያልገባው ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

በሳምንቱ ሞተሯን እንዲያዩ ጋሽ ታዬ የሚባሉ የኮተቤ መካኒክ መጡ። አንድ ብሎን አልፈቱም። ቀይዋን መብራት አዩ፣ ቅጂውን ቁልፍ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ኦርጂናሏ የታለች አሉኝ። ካዝና ውስጥ አልኳቸው። “ታዲያ ካዝናው ይንዳት!” አሉ። ነገሩን እንደ ልጅ አስረዱኝ። ቁልፏ ራስ ውስጥ ቺፕ የሚሏት የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች፤ ሞተሯ የምታውቀው እሷን ነው፤ እሷ ከሌለች ጥርሱ ቢገጥምም ሌባ መጣ ብላ አልነሣም ትላለች። የጠፋችው እንድትተካ ከተፈለገ አዲስ ባለ ቺፕ ቁልፍ ይመጣል፤ ዋናዋ ባለችበት ከሞተሯ ጋር ይተዋወቃል፤ ዋናዋም ከጠፋች ግን የሞተሯ አእምሮ ጭምር ነው የሚቀየረው። “ሽምግልና በይው የኔ ልጅ። አስተዋዋቂ ሳይኖር ጋብቻ የለም” አሉኝ።

ፖስታው ወዲያው የተከፈተ መስሏችኋል? ሦስቱ ፈራሚዎች በአካል መገኘት አለባቸው። አንዱ ናዝሬት የለውጥ ሥልጠና ላይ ነው፤ ሥልጠናው ሥራን ስለማፋጠን ነው። አራት ቀን ጠበቅነው። መጣ፣ እሽጉ ተቀደደ፣ ቁልፏ ገባች፤ ሞተሯ በመጀመሪያው ተነሣች። ሰው አጨበጨበ። ቱፋ አላጨበጨበም። ቆሞ ሞተሯን ሳይሆን እኛን አንድ በአንድ አየን። እኔ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ወደ ፖስታው መለስኩ።

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። በዚያ እሑድ መዝሙር ስዘምር ዓይኔን ስጨፍን ቀይዋ መብራት ትጠቅሰኛለች። በሚቀጥለው እሑድም። በሦስተኛው አልቻልኩም፤ በቀጣዩ ግምገማ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ቁልፍ ቀራጩ አስጠንቅቆኝ ነበር፣ ደበቅሁ፣ ቱፋ በእኔ ጥፋት ተቀጣ፣ ማስጠንቀቂያው ለእኔ ይሁን አልኩ። ድንጋይ ጠብቄ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን መነጽሩን አወለቀና፣ ግለ ሂስ ማለት ይህ ነው፤ ሁላችንም ከወይዘሮ ገነት እንማር አለ። ከክፍላችን አንደኛ ወጣሁ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመስግኜም፣ ተዋርጄም አላውቅም።

የቱፋ ማስጠንቀቂያስ? የሰው ኃይል ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው፣ ማስጠንቀቂያው የተሰጠው በወቅቱ በነበረው መረጃ ነው አለኝ። በሁለተኛው፣ ደብዳቤው ቁጥር ወጥቶለታል አለኝ። በሦስተኛው ትንሽ ራራልኝ መሰል አስረዳኝ፤ የእኔ ኑዛዜ የተያያዘው ከእኔ ፋይል ጋር ነው፤ የቱፋ ጥፋት ያለው በቱፋ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይልና ፋይል ደግሞ አይነጋገሩም። ጮህኩበት። በዚያ መሥሪያ ቤት ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ጩኸት ቁጥር አይወጣለትም። በዓመቱ መጨረሻ የቱፋ ኮንትራት አለቀና አልታደሰም።

አንድ ቅዳሜ ካራ ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ ማን እንደሆንኩ ሲሰሙ የያዙትን እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት። ቱፋ ጓሮ አጥር ያጥራል። የልጅቷ አባት መልሳቸውን እንዳልለወጡ ከፊቱ ገባኝ፤ አልጠየቅሁትም። ቆሜ አለቀስኩ፤ ይቅር በለኝ አልኩት። ሚስማሩን መትቶ ጨረሰና፣ “ያን ቀን አንዲት ቃል ተንፍሰው ቢሆን ኖሮ፣ እትዬ” አለኝ። ልክ ነህ አልኩት። ሌላ ሚስማር አነሣ። “አፌ ይቅር ብሎዎታል። ሆዴ ግን ገና ነው፤ አይቸኩሉበት” አለ።

ከዚያ የድሮው ቱፋ ፊቱ ላይ ብልጭ አለ። በእናንተ ቤት በቃል የተባለ ነገር እንደማይቆጠር አውቃለሁ ብሎ ከእህቱ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ገነጠለ። አጥሩ ላይ አስደግፎ ጻፈና በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ደብዳቤ አድራሽ አቀረበልኝ። “ለወይዘሮ ገነት፤ ይቅር ብዬዎታለሁ። ቱፋ” ይላል። እያሾፈብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይገባኛልም። በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁና፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ያልኩትን ልንገራችሁ።

“ቱፋዬ፣ ቀን አልጻፍክበትም” አልኩት።